ሊኑክስ ሚንት በደብረ ብርሃን፦ ከ13 ወራት በኋላ ስለ ማሻሻያ አያያዙ

በደብረ ብርሃን ከተማ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለኝ። በቤቱ ውስጥ 4 ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ይሠራሉ፤ አራቱም ያገለገሉ ሆነው የተገዙ፣ 4ኛ ትውልድ ኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራም እና 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያላቸው ናቸው። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አራቱም የሚሠሩት የዊንዶውስን ቦታ በሚተካው ሥርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም)፣ በሊኑክስ ሚንት 22 ነው፤ ይህን የምጽፈው በኅዳር 2018 ነው። ስለ አጫጫኑና ስለ መልኩ ብዙ አልልም። የምጽፈው ከተጫነ በኋላ በየሳምንቱ ስለሚመጡት ማሻሻያዎች፣ በሥራ ቋንቋችን አፕዴት ስለምንላቸው ነው፤ ያገለገለ ኮምፒውተር ዕድሜው የሚረዝመውም የሚያጥረውም በዚህ አያያዝ መሆኑን በእነዚህ ወራት አይቻለሁ።

ወደዚህ ያመጣኝ ምክንያት ግልጽ ነው። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኝበት ጊዜ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እንደሚያበቃ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰርና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። የእኔ ማሽኖች ይህን አያሟሉም። የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ደግሞ የሰው ፍላሽ ሁሉ የሚሰካበት ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም የሚመጣው ተማሪም፣ ከባሶና ወራና የመሬት ጉዳይ አቤቱታ ሊያስጽፍ የሚመጣውና የቀድሞውን ሰነድ በልጁ ፍላሽ ይዞ የሚቀርበው ገበሬም እኩል ይሰኩበታል። ማሻሻያ በማያገኝ ኮምፒውተር ላይ የእነዚህን ሰዎች ሰነድ ማስቀመጥ ሕሊናዬን ይቆረቁረው ነበር።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ከዚህ ሥርዓት ካገኘሁት ሁሉ ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለማሻሻያ አያያዙ ነው። ይሁን እንጂ ሙሉ ጥቅሙን ያገኘሁት ከመብራታችንና ከኢንተርኔታችን ሁኔታ ጋር አስማምቼ ካደራጀሁት በኋላ ነው፤ ያለዚያ ዝግጅት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በከንቱ ወጪና በሥጋት ነበር ያሳለፍኳቸው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስረዳ። ሊኑክስ ሚንት 22 የተመሠረተው ኡቡንቱ 24.04 በተባለ ሌላ ስርጭት፣ ማለትም ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ ነው፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ይደርሰዋል። የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ከርነሉም፣ የኢንተርኔት ማሰሻውም፣ ሊብሬ ኦፊስም፣ የአማርኛ ፊደላቱም፣ የማተሚያ መሣሪያው ሶፍትዌርም ሶፍትዌር በኢንተርኔት ከሚታደልበት ከአንድ ዓይነት ማከማቻ፣ በአንድ በር ይገባሉ። የዚህ በር ጠባቂ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኡቡንቱ ራሱ በተመሠረተበት በዴቢያን ውስጥ ያደገው አፕት የተባለው ፕሮግራም ነው። ሚንት በእሱ ላይ አፕዴት ማናጀር የሚባለውን መስኮት ጨምሯል። ከስክሪኑ ግርጌ ጋሻ የምትመስል ምልክት ትቀመጣለች፤ አዲስ ነገር ሲኖር ነጥብ ይታይባታል። መስኮቱን ሲከፍቱት የደኅንነት ማሻሻያው፣ የከርነል ማሻሻያውና የቀረው የሶፍትዌር ማሻሻያ በየምልክታቸው ተለይተው ይቀርባሉ፤ መጠናቸው ተጽፏል፤ አንዱን ሲጫኑት ምን እንደተለወጠ የሚዘረዝር ማስታወሻ ከሥር ይወጣል። እርስዎ ካልፈቀዱና የይለፍ ቃልዎን ካላስገቡ አይጫንም። አንድን ማሻሻያ ለጊዜው ማለፍም ሆነ አንድን ፓኬጅ (የሶፍትዌር ጥቅል) እስከ መጨረሻው ባለበት ማቆየት ይቻላል።

ራሱ በየቀኑ እንዲጭን የሚያደርግ ምርጫም አለው። እኔ አልከፈትኩትም፤ ምክንያቱን ስለ መብራት ስጽፍ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ችግሬ ዳታ ነበር። የቤቴ ኢንተርኔት የሚመጣው ከሞባይል ራውተር ነው፤ እሱንም በዋይፋይ የሚቀበለው ዋናው ኮምፒውተር ብቻ ሲሆን ሦስቱ በኬብልና በስዊች ከእሱ ጋር ተያይዘዋል። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን በየተራ ከራውተሩ ጋር እያገናኘሁ ነበር የማሻሽለው። በደብተሬ እንደመዘገብኩት የመጀመሪያው ወር ፍጆታ በአንድ ማሽን 1.3 ጊጋባይት ገደማ ነበር፤ ለአራቱ ከ5 ጊጋባይት በላይ ማለት ነው። አንድ ዓይነት ፋይል አራት ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ ማውረድ ነው ይህ። በተለይ ዓይኔን የገለጠልኝ ፈርምዌር፣ ማለትም የሃርድዌር ክፍሎች ራሳቸው የሚሠሩበት ሶፍትዌር፣ የተሰበሰበበት ሊኑክስ ፈርምዌር የተባለው ፓኬጅ ነው፤ ብቻውን ግማሽ ጊጋባይት ይጠጋል። በውስጡ ካለው ውስጥ የእኔ ማሽን የሚያስፈልገው ጥቂቱ ብቻ ቢሆንም የሚታደሰው ግን ሙሉው ነው። አዲስ ከርነልም ከነተጓዳኞቹ ወደ 200 ሜጋባይት ይደርሳል። ፋየርፎክስ በየወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ በመካከሉም ጥቃቅን እርማቶች ይመጣሉ።

መፍትሔው አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባል ፕሮግራም ሆነ። ይህን በዋናው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት። ሥራው መካከለኛ ሆኖ መቆም ነው፤ አንዱ ማሽን አንድ ፓኬጅ ሲጠይቅ ከኢንተርኔት አውርዶ ይሰጠውና ቅጂውን በራሱ መሸጎጫ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ማሽን ያንኑ ሲጠይቅ ከመሸጎጫው ይሰጠዋል። በሌሎቹ ማሽኖች ላይ የሚደረገው ነገር ቢኖር በአፕት የማስተካከያ አቃፊ ውስጥ አንዲት አጭር ፋይል ፈጥሮ የዋናውን ኮምፒውተር የኔትዎርክ አድራሻና 3142 የሚለውን የፖርት ቁጥር በፕሮክሲነት፣ ማለትም በመካከለኛነት፣ መጻፍ ነው። ከታኅሣሥ 2017 ጀምሮ የአራቱ ማሽኖች ጠቅላላ ፍጆታ በወር ከ1 እስከ 1.6 ጊጋባይት ባለው ውስጥ ቆይቷል። ከዚህም በላይ ሦስቱ ማሽኖች በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ሳይገናኙ ማሻሻያቸውን ያገኛሉ፤ ለእኔ ይህ ከዳታው ቁጠባ አይተናነስም።

ጎረቤቴ የሆነ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ በመካከል የተቀመጠ ቅጂ ሊበከል አይችልም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ተገቢ ጥያቄ ነው። አፕት የሚያምነው ፋይሉ የመጣበትን መንገድ አይደለም፤ የማከማቻው ዝርዝር በአዘጋጆቹ የምስጢር ቁልፍ የተፈረመ ሲሆን በዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራ ሰፍሯል። ማሽኑ ፊርማውንና አሻራውን አመሳክሮ ካልገጠመለት አይጭንም። ስለዚህ ፓኬጁ ከየትኛው ሰርቨር፣ በየትኛው መሸጎጫ በኩል መጣ ማለት ትልቅ ቁም ነገር አይሆንም። የተለያዩ አገሮች ሰርቨሮች አንድ ዓይነት ቅጂ የሚያድሉትም በዚሁ መተማመኛ ነው፤ ሚንት ፍጥነታቸውን በእርስዎ መስመር ላይ ለክቶ ከፈጣኑ ጀምሮ የሚደረድርበት መስኮት አለው፤ እኔም በዓመት ሁለት ጊዜ እንደገና አስለካዋለሁ።

አሁን ወደ መብራት ልመለስ። እዚህ ላይ ዘርዘር አድርጌ መጻፍ የምፈልገው ከዚህ ዓመት ሁሉ የከበደኝ ቀን በዚህ ምክንያት የመጣ ስለሆነ ነው። ሐምሌ 2017 ላይ ለለቅሶ ደብረ ሲና ወርጄ ነበር። ቤቱን የምትይዘው ሠራተኛዬ ጋሻዋ ላይ ነጥብ አይታ፣ ሥራም ቀዝቀዝ ስላለ፣ በአንደኛው ማሽን ማሻሻያውን አስጀመረች። እንደዚያ እንድታደርግ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ ጥፋቷ አልነበረም። በመካከሉ ከባድ ዝናብ ጣለ፣ መብራት ጠፋ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ ተነሣ፤ አፕዴት ማናጀር ግን የፓኬጅ ሥራው ስለተቋረጠ መቀጠል አልችልም የሚል መልእክት አወጣ። በስልክ «ጋሼ፣ ይኸኛው እምቢ አለ፤ የተማሪው ሰነድ ደግሞ እዚህ ላይ ነው ያለው፤ ዛሬ ማታ ማስረከብ አለበት» አለችኝ። ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ጭንቀት እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ።

እዚህ ላይ የሆነውን መረዳት ለማንኛውም የሊኑክስ ተጠቃሚ ይበጃል። ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጁን በእርግጥ የሚጭነው ዲፒኬጂ የተባለው ፕሮግራም ነው። ሥራውን በሁለት ደረጃ ይሠራል፤ መጀመሪያ ፋይሎቹን ፈትቶ በየቦታቸው ያኖራል፣ ቀጥሎ ያዋቅራቸዋል። የትኛው ፓኬጅ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ በመዝገቡ ያሰፍራል። መብራት በመካከል ሲጠፋ የተፈቱ ግን ያልተዋቀሩ ፓኬጆች ይቀራሉ፤ መዝገቡ ስላለ ግን ካቆመበት እንዲቀጥል ማዘዝ ይቻላል። ተርሚናሉን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ እንድትከፍት ነግሬ ትእዛዙን በስልክ ፊደል በፊደል አስጻፍኳት፦ ሱዶ፣ ክፍት ቦታ፣ ዲፒኬጂ፣ ክፍት ቦታ፣ ሁለት ሰረዝ ኮንፊገር፣ ክፍት ቦታ፣ አንድ ሰረዝ ኤ። የይለፍ ቃሉን አስገባች። ረጅም ጽሑፍ ሲወርድ ቆይቶ አበቃ። ከዚያ ማሻሻያውን እንደገና አስጀመረች፤ የቀረው ተጫነ፤ የተማሪውም ሰነድ እንደነበረ ተገኘ፤ ማታውኑ ታትሞ ተሰጠው። ይህን ትእዛዝ በወፍራም ቀለም ጽፌ ከእያንዳንዱ ስክሪን ጀርባ ለጥፌዋለሁ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማውረድንና መጫንን ለያይቻለሁ። አፕት ጌት ለሚባለው ትእዛዝ ሰረዝ ዲ የሚል ምልክት ሲጨመርለት ፓኬጆቹን ያወርዳል እንጂ አይጭንም። ይህን በዋናው ኮምፒውተር ላይ በሌሊት የዳታ ጥቅል አደርገዋለሁ፤ መብራት ቢጠፋ የሚቋረጠው ማውረዱ ብቻ ነው፤ ሲመለስ በአብዛኛው ካቆመበት ይቀጥላል፤ በማሽኑ ላይ የተነካ ነገር የለም። መጫኑን የማደርገው ቅዳሜ ጠዋት፣ መብራት መኖሩን አይቼ፣ ዩፒኤስ በተሰካበት ማሽን ነው። አንዲት 650 ቪኤ የሆነች ዩፒኤስ ገዝቼ ከማሽን ወደ ማሽን እያዛወርኩ እጠቀማለሁ፤ ፓኬጆቹ ከመሸጎጫው ስለሚመጡ የሳምንት ማሻሻያ በአንድ ማሽን ከ10 ደቂቃ የሚያልፈው ከርነል ሲኖርበት ብቻ ነው። ራሱ በራሱ እንዲጭን ያልፈቀድኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ማሽኑ የመብራታችንን ሁኔታ አያውቅም፤ እኔ ግን ሰማዩን አይቼ መገመት እችላለሁ። መብራት የማይቆራረጥበት ቦታ ያለ ወይም ላፕቶፕ የሚጠቀም ሰው ምርጫውን ቢከፍተው ይሻለዋል፤ ከማይጭን ሰው ይልቅ ራሱ የሚጭን ማሽን ይበልጣልና።

ከመብራት ጋር የተያያዘ ሌላ ሳንካም ገጥሞኛል፤ መንስኤውን እስካገኝ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ከሦስቱ ማሽኖች አንዱ ማሻሻያ ሲፈልግ የማከማቻው ዝርዝር ገና ጊዜው አልደረሰም የሚል መልእክት እያወጣ እምቢ ይል ነበር። ሌሎቹ ከዚያው መሸጎጫ ያለ ችግር ይወስዳሉ። ምክንያቱ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ አልቃ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር የማሽኑ ሰዓት ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከኢንተርኔት ጋር በቀጥታ ስለማይገናኝ ሰዓቱን የሚያስተካክልለት የለም፤ ስለዚህ ዛሬ የተፈረመው ዝርዝር ለእሱ ገና ወደፊት የሚመጣ ነገር ይሆንበታል። ባትሪዋን ለወጥኩ፣ ችግሩ ጠፋ። ያገለገለ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው ይህችን ባትሪ በመጀመሪያው ቀን ቢለውጣት ብዙ ድካም ይተርፈዋል።

ስለ ከርነል የምለው አለኝ። ሚንት 22 የመጣው ከከርነል 6.8 ጋር ነው። በነሐሴ 2017 መጨረሻ የወጣው 22.2 ደግሞ 6.14ን ይዟል። ወደ 22.1 በየካቲት፣ ወደ 22.2 በመስከረም የተሻገርኩት ከአፕዴት ማናጀሩ ዝርዝር ውስጥ አንዲት መስመር በመጫን ነበር፤ መሠረቱ ያው ኡቡንቱ 24.04 ስለሆነ እነዚህ መሻገሪያዎች ከአንድ ትልቅ የሳምንት ማሻሻያ አይበልጡም። ከርነሉን ግን ወደ 6.14 የቀየርኩት በራሴ ፈቃድ፣ ከከርነሎች መስኮት መርጬ ነው። ማሽኑ እንደገና ሲነሣ ዋይፋይ አልነበረም። ከገበያ የገዛኋት የዩኤስቢ ዋይፋይ መቀበያ ድራይቨሯ (እሷን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ከከርነሉ ጋር የሚመጣ አይደለም፤ ለየብቻው የሚጫንና አዲስ ከርነል በገባ ቁጥር ዲኬኤምኤስ በሚባል መንገድ እንደገና የሚገነባ ነው። የነበረኝ የድራይቨሩ እትም በአዲሱ ከርነል ላይ መገንባት አልቻለም። ዋይፋይ የሌለው ዋና ኮምፒውተር ማለት ለቤቱ በሙሉ ኢንተርኔት ጠፋ ማለት ነው፤ መፍትሔውን የምፈልግበትም መንገድ አብሮ ተዘጋ።

ያዳነኝ ሥርዓቱ አዲስ ከርነል ሲያስገባ አሮጌውን አለማጥፋቱ ነው። ማሽኑን አጥፍቼ ሳስነሣ ግሩብ ከተባለው የማስነሻ ዝርዝር ውስጥ ተጨማሪ ምርጫዎች የሚለውን ከፍቼ 6.8ን መረጥኩ፤ ዋይፋዩ ተመለሰ። አሁንም በዋናው ኮምፒውተር ላይ 6.8 ነው የሚሠራው፤ ለኡቡንቱ 24.04 መነሻ የሆነ ከርነል ስለሆነ የደኅንነት እርማት ይደርሰዋል፤ ሦስቱ ግን በኬብል ስለሚሠሩ 6.14 ላይ ናቸው። ያገለገሉ ከርነሎች ሲጠራቀሙ ዲስክ ይይዛሉ፤ እነሱን በየጊዜው እንዲያጸዳ የሚያደርገውን ምርጫ ከፍቻለሁ፤ ቢያንስ አንድ አሮጌ ከርነል ሁልጊዜ ስለሚያስቀር አያሰጋም። እቃ የሚገዛ ሰው ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ያለ መቀበያ እንዲመርጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ታይምሺፍትን ሳላነሣ አላልፍም። ይህ ከሚንት ጋር የሚመጣው የሥርዓቱን ቅጂ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ ከሥርዓቱ መጠን ጋር የሚስተካከል ቦታ ይይዛል፣ ቀጣዮቹ ግን የተለወጠውን ብቻ ይጨምራሉ። በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ። አዲሱን ሊብሬ ኦፊስ ቶሎ ለማግኘት ብዬ ከሚንት ማከማቻ ውጪ የሆነ ምንጭ ጨምሬ ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዳንድ ፓኬጆች ከሁለቱ ምንጮች ተደበላልቀው ማሻሻያው ተጋጨ። ለመፍታት ሰዓታት ከማጥፋት ይልቅ የቅዳሜውን ቅጂ መለስኩ፤ 20 ደቂቃ ገደማ ፈጀ፤ የውጪውንም ምንጭ ዳግመኛ አልጨመርኩም። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ፤ ቅጂው የሚቀመጥበት ዲስክ በሊኑክስ ፋይል ሥርዓት የተዘጋጀ መሆን አለበት፣ ተራ ፍላሽ አይሆንም፤ የደንበኛ ሰነድ የሚቀመጥበትን የቤት አቃፊ ደግሞ ታይምሺፍት በነባር አሠራሩ አይነካውም። የሰነዶቹን ቅጂ ለብቻ በውጪ ሃርድ ዲስክ አኖራለሁ።

ሸዋ ሮቢት የሚኖረው የእህቴ ልጅ አርች ሊኑክስ ይጠቀማል። ከእኔ ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ አዲስነት ነው፤ እሱ ሁሉንም ሶፍትዌር በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያገኛል፣ የእኔ ማከማቻ ግን የቆየውን እትም ይዞ የደኅንነት እርማቱን ብቻ ይጨምርበታል። ፋይዳውን ያስረዳሁት በኤክስዜድ ታሪክ ነው። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር፣ ማለትም ለሰርጎ ገብ የተተወ ድብቅ መግቢያ፣ ማግኘቱን አስታወቀ፤ ፍንጩን ያገኘው ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር በሚገባበት ፕሮግራም ላይ የግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ነበር። የተበከሉት 5.6.0 እና 5.6.1 የተባሉት አዳዲስ እትሞች ነበሩ። ቶሎ ቶሎ አዲሱን የሚወስዱት ስርጭቶች እትሞቹን አስገብተዋቸው ነበር፤ በአገልግሎት ላይ የነበሩት የተረጋጉ የኡቡንቱ እትሞች ግን፣ በእነሱ ላይ የቆመው ሚንትም ጭምር፣ አልደረሰባቸውም። የእህቴ ልጅ ሐሳቡን አልለወጠም፤ ለሚማር ወጣት የእሱ ምርጫ ጥሩ መሆኑን እኔም አልክድም። የሰው ሰነድ ለሚይዝ ቤት ግን መዘግየቱ ጥበቃ ነው። ማሰሻው ብቻ የተለየ ነው፤ ፋየርፎክስ ለኢንተርኔት የተጋለጠ ስለሆነ አዲሱ እትም እንደወጣ መወሰድ አለበት፤ ሚንትም አዲሱን እትም ሳያዘገይ ያቀርበዋል።

የምነቅፈው አለኝ። ፍላትፓክ በሚባለው መንገድ የሚመጡ ፕሮግራሞች የሚያስፈልጋቸውን ሁሉ ለየብቻ ይዘው ስለሚመጡ ማሻሻያቸው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይሆናል፤ አፕት ካቸር ኤንጂም እነሱን አይሸጉጥም። በዚህ ምክንያት ከአንድ ፕሮግራም በስተቀር ሁሉንም አስወግጃለሁ። የአማርኛ መጻፊያውን የሚያስተናግደው አይባስ ሲታደስ ደግሞ ከመለያ ወጥቶ እስኪገቡ ድረስ አማርኛ መጻፍ የሚቆምበት ጊዜ አለ፤ መስኮቱ ስለዚህ አንድ ቃል ቢናገር መልካም ነበር፤ ሠራተኛዬ በመጀመሪያው ጊዜ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሏት ነበር። የመስኮቶቹ የአማርኛ ትርጉም በብዙ ቦታ ያልተሟላ መሆኑም ያሳዝነኛል፤ ከፓኬጆቹ ሥር የሚወጣው የለውጥ ማስታወሻ እንግሊዝኛ ለማይከብደው ሰው ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ባለፈው ሳምንት መሐል ሜዳ የሚያስተምር ወዳጄ የትምህርት ቤቱን ፈተና የሚያዘጋጅበትን ላፕቶፕ ይዞ መጣ። ከዚህ ቀደም በሰኔ ወር ላይ ያንኑ ላፕቶፕ ከእኔ መሸጎጫ አሻሽዬለት ነበር፤ ስመልስለት ግን የፕሮክሲዋን ፋይል ሳላጠፋ ቀረሁ። መንዝ ደርሶ የራሱን ዳታ ሲከፍት ማሽኑ እዚያ የሌለውን የእኔን ዋና ኮምፒውተር እየፈለገ ማሻሻያ ሳይወስድ አምስት ወር ሙሉ ቆየ፤ ወዳጄም የኔትዎርኩ ድክመት ነው ብሎ ሳይነግረኝ ቀረ። አሁን በኬብል አገናኝቼው የተጠራቀመውን 1.1 ጊጋባይት በ14 ደቂቃ ውስጥ ያለ አንዲት ሜጋባይት ተጨማሪ ዳታ ወሰደ፤ ከርነሉ ታደሰ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ዋይፋዩ ሠራ። ፋይሏን እሱ እያየ አጠፋኋት፤ ከዚያ በስልኩ ዳታ አገናኝተን ዝርዝሩን ማደስ መቻሉን ካረጋገጥን በኋላ ነው ወደ መናኸሪያ የሸኘሁት።